ለቤት ኪራይና ሽያጭ ድረ ገጽ ዳታቤዝ እንዴት ይመረጣል? ከጎንደር ሥራ የተነሣ ዝርዝር መመሪያ

ጎንደር ውስጥ ቤት የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ያለው አማራጭ ሁለት ነው፤ አንድም ደላላ ይዞ ከሰፈር ሰፈር መዞር፣ አንድም በቴሌግራም ቻናሎች ላይ ከሚለጠፈው የማስታወቂያ ጋጋታ መካከል ለራሱ የሚሆነውን መልቀም። ይህን ሥራ ሥርዓት ወዳለው ድረ ገጽ ለማምጣት የሚነሣ ባለሙያ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ዳታቤዝ ይፈጥናል?» ብሎ ነው፤ ዳታቤዝ ማለት መረጃን አደራጅቶ የሚያስቀምጥና ሲጠየቅ ፈልጎ የሚያወጣ ፕሮግራም ነው። በእኔ እምነት ይህ ጥያቄ ከሁሉም በኋላ መምጣት ያለበት ነው። በከተማችን ስፋት ልክ ለሚሠራ ድረ ገጽ ፍጥነት የሚያስቸግር ጉዳይ አይደለም፤ የሚያስቸግረው አንዱ ቤት በሦስት ደላላ፣ በሦስት ዋጋና በሦስት ዓይነት የሰፈር ስም ተመዝግቦ መገኘቱ ነው። ስለዚህ የምንመርጠው ዳታቤዝ ቤቱንና የቤቱን ማስታወቂያ ለያይቶ የሚይዝ፣ በመካከላቸው ያለውንም ዝምድና (የትኛው ማስታወቂያ የየትኛው ቤት እንደሆነ) የሚያስከብር መሆን አለበት። ከዚህ በታች ያሉት ርምጃዎች የተደረደሩትም በዚህ ሐሳብ መሠረት ነው።

አንደኛ ርምጃ፦ ቤት ፈላጊው የሚጠይቀውን በወረቀት ላይ ማስፈር

ኮምፒውተር ከመክፈትዎ በፊት ግማሽ ቀን ከአንድ ደላላ ጋር ይዋሉና ደንበኞቹ የሚጠይቁትን ቃል በቃል ይጻፉ። «ውኃው በስንት ቀን ነው የሚመጣው? ሮቶ አለው?»፣ «ቆጣሪው የግል ነው የጋራ?»፣ «አከራዮቹ ግቢው ውስጥ ይኖራሉ?»፣ «ሽንት ቤቱ ለብቻ ነው?»፣ «መኪና ያስገባል?»፣ «ከማራኪ ካምፓስ በእግር ስንት ደቂቃ ይሆናል?» የሚሉት የተከራይ ጥያቄዎች ናቸው። ገዥ ደግሞ «ስንት ካሬ ነው? ካርታ አለው? ሊዝ ነው ወይስ ነባር ይዞታ?» ይላል።

የተጻፉትን ጥያቄዎች በአራት ክፍል ይመድቧቸው። ስለ ማንኛውም ቤት የሚጠየቁት፣ ማለትም ዋጋ፣ የክፍል ብዛት፣ ሰፈርና ዓይነት፣ የሰንጠረዡ ቋሚ ዓምዶች ይሆናሉ። ለአንዳንድ ቤት ብቻ የሚያገለግሉት፣ ለምሳሌ የኮንዶሚኒየም ፎቅ ቁጥር ወይም የሱቅ የመንገድ ፊት ስፋት፣ እንደ ቤቱ ዓይነት የሚለዋወጡ ተጨማሪ መግለጫዎች ናቸው። ርቀትን የሚመለከቱት የካርታ ስሌት፣ ቀንን የሚመለከቱት ደግሞ የቀን መቁጠሪያ ስሌት ይጠይቃሉ። ዳታቤዙ የሚመዘነው እነዚህን አራት ክፍሎች በአንድነት መሸከም በመቻሉ ነው። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ላስታውስ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ በእኛ አገር «የቤት ሽያጭ» የሚባለው የሕንፃውና የይዞታ መብቱ መተላለፍ ነው። ስለዚህ በሽያጭ ማስታወቂያ ላይ የይዞታው ዓይነት ባዶ ሊተው የማይችል ዓምድ መሆን አለበት።

ሁለተኛ ርምጃ፦ ቤቱን ከማስታወቂያው መለየት

በሠራሁት የመጀመሪያ ድረ ገጽ ላይ ሁሉንም ነገር በአንድ ሰንጠረዥ ውስጥ ነበር ያስቀመጥሁት። የቤቱ መግለጫ፣ የደላላው ስልክ፣ ዋጋውና ሰፈሩ በአንድ ረድፍ ይገቡ ነበር። አንዲት መምህርት ወደ ጎንደር ተዛውራ ቤት ትፈልግ ስለነበር ማስታወቂያውን አይታ ከደባርቅ፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ፣ ልጇን ይዛ መጣች። ቤቱ ግን ከተከራየ ሁለት ሳምንት አልፎት ነበር። አንደኛው ደላላ ማስታወቂያውን በጊዜው አንሥቷል፤ የሌሎቹ የሁለቱ ግን እንዳለ ነበር፤ ምክንያቱም ዳታቤዙ ሦስቱ ረድፎች ስለ አንድ ቤት የሚናገሩ መሆናቸውን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። የጥፋቱ ምንጭ የዳታቤዙ ፍጥነት ማነስ አልነበረም፤ የእኔ የሰንጠረዥ አወቃቀር ነበር።

ስለዚህ ቢያንስ አራት ሰንጠረዦች ያስፈልጋሉ። «ቤት» የሚለው ቦታውን፣ ስፋቱን፣ የክፍሎቹን ብዛትና የይዞታውን ዓይነት ይይዛል፤ እነዚህ ደላላው ቢለዋወጥም የማይለወጡ ናቸው። «ማስታወቂያ» የሚለው ዋጋውን፣ የተለጠፈበትን ቀን፣ የሚያበቃበትን ቀንና ያለበትን ሁኔታ ይይዛል፤ ከ«ቤት» ጋርም በመለያ ቁጥር ይያያዛል። «ሰው» ባለቤቶችንና ደላሎችን፣ «ሰፈር» ደግሞ የቦታ ስሞችን ይይዛሉ። ይህ ዓይነቱ አደረጃጀት ኤድጋር ኮድ በ1970 እ.ኤ.አ. ያቀረበው የዝምድና ሞዴል የተሠራለት ጉዳይ ነው። ቤቱ ሲከራይ በ«ቤት» ረድፍ ላይ በሚደረግ አንድ ለውጥ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዙ ማስታወቂያዎች ሁሉ በአንድ ትራንዛክሽን ይዘጋሉ፤ ወይ ሁሉም ይዘጋሉ ወይ አንዱም አይዘጋም፤ በመካከል መብራት ቢጠፋ እንኳ ግማሹ ተዘግቶ ግማሹ ክፍት ሆኖ አይቀርም።

ሁለት ማስታወቂያዎች ስለ አንድ ቤት መሆናቸው እንዴት ይታወቃል? ደላላ ባለቤቱን ስለማይናገር በባለቤት ስም ማመሳከር አይቻልም። እኔ ያዋጣኝ መንገድ በ30 ሜትር ክልል ውስጥ ያሉ፣ የክፍል ብዛታቸው እኩል የሆነና የካሬ ስፋታቸው የተቀራረበ መዝገቦችን ዳታቤዙ ፈልጎ ለመዝጋቢው እንዲያቀርብለት ማድረግ ነው። ውሳኔው ግን የሰው ይሁን፤ በአንድ ግቢ ውስጥ ተመሳሳይ ሰርቪስ ክፍሎች የሚከራዩበት ጊዜ ብዙ ስለሆነ፣ ማሽኑ በራሱ እንዲያዋሕዳቸው መፍቀድ ሌላ ስሕተት ይወልዳል።

የ«ሰፈር» ሰንጠረዥም የራሱ ጣጣ አለው። አንዱን ቦታ አንዱ በቀበሌ ቁጥር፣ ሌላው በክፍለ ከተማ፣ ሌላው በአቅራቢያው ባለው ደብር፣ ሌላው በድሮ የሰፈር ስም ይጠራዋል። መፍትሔው ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ መለያ ቁጥር ሰጥቶ፣ የሚጠራባቸውን ስሞች ሁሉ በሌላ ሰንጠረዥ ከዚያ ቁጥር ጋር ማያያዝ ነው። የመንግሥት መዋቅር ሲቀየር አንድ ስም ይጨመራል እንጂ ቤቶቹ አይነኩም።

ሦስተኛ ርምጃ፦ መጠኑን ማስላት

ለምሳሌ 2,000 ቤቶች፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ማስታወቂያ አለ እንበል። አንድ ማስታወቂያ 3 ኪሎባይት ጽሑፍ ቢይዝ ጠቅላላው 18 ሜጋባይት ነው፤ ይህ ለየትኛውም ዳታቤዝ ኢምንት ነው። ፎቶው ግን ሌላ ነው፤ ለአንድ ቤት ስምንት ፎቶ፣ እያንዳንዱም ከስልክ እንደወጣ 3 ሜጋባይት ከሆነ 48 ጊጋባይት ይደርሳል። ስለዚህ ፎቶዎቹን ወደ 200 ኪሎባይት አሳንሰው በፋይል ማከማቻ ያስቀምጡ፤ 3.2 ጊጋባይት ብቻ ይሆናሉ። በዳታቤዙ ውስጥ የሚገባው የፋይሉ አድራሻ ብቻ ነው።

አራተኛ ርምጃ፦ ዕጩዎቹን መመዘን

ኤስኪውላይት በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ጠቅላላ መረጃውን በአንድ ፋይል የሚይዝና የራሱ ሰርቨር የማይፈልግ ዳታቤዝ ነው። በአንድ ጊዜ የሚጽፍበት አንድ ብቻ ስለሆነ ብዙ ደላሎች በአንድ ጊዜ ለሚመዘግቡበት ድረ ገጽ ዋና ማከማቻ እንዲሆን አልመክርም። ሆኖም ኔትወርክ በሌለበት ሰፈር እየዞረ ቤት ለሚመዘግብ ሠራተኛ ስልክ ከዚህ የተሻለ የለም፤ መዝገቡ በስልኩ ላይ ይቆይና ኔትወርክ ሲገኝ ወደ ዋናው ይላካል።

ማይኤስኪውኤል ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሲሆን፣ ማሪያዲቢ ደግሞ በ2009 ከእርሱ የተገነጠለ ነው። ትልቁ ጥቅማቸው በርካሽ የሆስቲንግ አገልግሎቶች ላይ ሁሉ መገኘታቸውና የሚያውቃቸው ባለሙያ መብዛቱ ነው። ዝምድናን ያስከብራሉ፤ ቡድንዎ እነርሱን ብቻ የሚያውቅ ከሆነ ያለ ሥጋት ሊሠሩባቸው ይችላሉ።

ሞንጎዲቢ በ2009 የወጣና መረጃን በሰንጠረዥ ፋንታ በሰነድ መልክ የሚይዝ ነው። አንዱ ቤት ሮቶ፣ ሌላው ሊፍት፣ ሌላው የሱቅ መስኮት ሲኖረው እያንዳንዱን እንደ መልኩ ማስቀመጥ ስለሚቻል ማስታወቂያን ይመቸዋል ተብሎ ብዙ ጊዜ ይመረጣል። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ ሰነዶች ላይ የሚሠራ ትራንዛክሽንም አለው። ችግሩ የሚመጣው ማስታወቂያው ወደ ሌለ ቤት ወይም ወደ ተሰረዘ ደላላ እንዳያመለክት የመጠበቁ ሥራ በፕሮግራመሩ ጫንቃ ላይ በመውደቁ ነው። ፕሮግራመሩ ደግሞ ይቀየራል።

ፖስትግሬስ መሠረቱ በ1986 በበርክሊ ዩኒቨርሲቲ የተጣለ፣ በዛሬው ሙሉ ስሙ «ፖስትግሬስኪውኤል» መጠራት የጀመረው በ1996 የሆነ ዳታቤዝ ነው። ዝምድናን በጥብቅ ያስከብራል፤ እንዲሁም ከ2014 እ.ኤ.አ. ወዲህ ጄሰንቢ በተባለው የዓምድ ዓይነት አማካይነት ቤት በቤት የሚለያዩትን መግለጫዎች እንደ ሰነድ ይይዛል፤ ስለዚህ በአንደኛው ርምጃ የለየናቸውን ሁለቱን ክፍሎች በአንድ ሰንጠረዥ ያስታርቃቸዋል። ካርታውንና ቀኑን ስንጨምርበት ሚዛኑ ይበልጥ ወደ እርሱ ያደላል። የእኔ ምርጫ ይህ ነው።

አምስተኛ ርምጃ፦ በአማርኛ መፈተን

ይህ ርምጃ በውጭ አገር መመሪያዎች ውስጥ አይገኝም፤ ለእኛ ግን ዋናው ነው። መጀመሪያ ፊደሉ በትክክል መቀመጡን ያረጋግጡ። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደሎች የኮምፒውተር መለያ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ያንን ቁጥር በባይት በሚጽፈው ዩቲኤፍ-8 በተባለው ዘዴ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። በቆየ የማይኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የላቲን ኢንኮዲንግ (የላቲን ፊደልን ብቻ የሚይዝ የአቀማመጥ ዘዴ) ተተክሎ ከተገኘ የጻፉት ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይወጣል። «ዩቲኤፍ8» የሚባለው የቀድሞው አማራጭ ፊደላችንን ቢይዝም ደላሎች በማስታወቂያቸው ላይ የሚደረድሯቸውን ባለ አራት ባይት ስሜት ገላጭ ምስሎች ስለማይቀበል፣ «ዩቲኤፍ8ኤምቢ4» የተባለውን ይምረጡ። ፊደሎቹን በቅደም ተከተል መደርደር ግን አያሳስብም፤ የዩኒኮድ ቅደም ተከተል ራሱ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እያለ የሚሄድ ነው።

ከባዱ ፍለጋ ነው። የከተማችን ስም እንኳ «ጎንደር» እና «ጐንደር» ተብሎ በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ ለእኛ አንድ ሲሆን ለዳታቤዙ ሁለት የማይገናኙ ቃላት ናቸው። «ዐፄ ቴዎድሮስ» የሚለውን እንውሰድ፤ የመጀመሪያው ፊደል አ፣ ኣ፣ ዐ ወይም ዓ፣ ሁለተኛው ደግሞ ጼ ወይም ፄ ሊሆን ስለሚችል «ዐፄ» የሚለው ቃል ብቻ ስምንት አጻጻፍ ሊኖረው ይችላል። «ሥላሴ» ብሎ የጻፈ ደላላና «ስላሴ» ብሎ የፈለገ ተከራይ አይገናኙም።

መፍትሔው የተጻፈውን ሳይነኩ ከጎኑ የፍለጋ ዓምድ መፍጠር ነው። በዚህ ዓምድ ውስጥ ሐ እና ኀ ከነዘሮቻቸው ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፤ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ፣ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ ይመለሳሉ። በፖስትግሬስ ይህ «ትራንስሌት» በተባለው ተግባርና ራሱን በሚሞላ ዓምድ ስለሚሠራ የፕሮግራመሩን ጥንቃቄ አይጠብቅም። ፈላጊው የሚጽፈው ቃልም ከመፈለጉ በፊት በዚያው ወንፊት ማለፍ አለበት። ለተጠቃሚው የሚታየው ግን ሁልጊዜ ባለቤቱ እንደጻፈው ያለው ጽሑፍ ነው።

ቀጥሎ የቃላቱ ማጠር ይመጣል። የእኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ስለሚይዝ ቃሎቻችን በፊደል ቁጥር አጭር ናቸው፤ «ቤት» ሁለት ፊደል ብቻ ነው። የማይኤስኪውኤል የጽሑፍ ፍለጋ በተለመደው አቀማመጡ ከሦስት ፊደል በታች የሆነን ቃል አይመዘግብም፤ በቤት ድረ ገጽ ላይ «ቤት» የሚለው ቃል ቢፈለግ አይገኝም ማለት ነው። ስለዚህ ዝቅተኛውን ቁጥር ወደ ሁለት ማውረድ ወይም ጽሑፉን በጥቂት በጥቂት ፊደል የሚከፋፍለውን ኤንግራም የተባለ መተንተኛ መጠቀም ያስፈልጋል። በፖስትግሬስ በኩል ደግሞ የአማርኛ ቃላትን ወደ ሥርወ ቃላቸው የሚመልስ መዝገበ ቃላት አብሮት አይመጣም፤ «በአዘዞ»፣ «የአዘዞ» እና «አዘዞ» ሦስት ቃል ሆነው ይቀራሉ። እዚህ ላይ ፒጂ-ትራይግራም የተባለው ቅጥያ (በዳታቤዙ ላይ የሚጨመር መሣሪያ) ቃላትን በሦስት በሦስት ፊደል እየከፋፈለ ተመሳሳይነታቸውን ስለሚለካ ይረዳል። ይሁንና ዳታቤዙ «ሲ» በተባለው ሎኬል (የቋንቋና የፊደል ቅንብር) የተፈጠረ ከሆነ የእኛን ፊደላት እንደ ፊደል አይቆጥራቸውም፤ ስለዚህ ሲፈጥሩት የዩቲኤፍ-8 ሎኬል ይስጡት። ያም ሆኖ የሰፈር ስምን በነጻ ጽሑፍ ከማስፈለግ ከ«ሰፈር» ሰንጠረዥ ዝርዝር ማስመረጥ ሁልጊዜ ይሻላል።

ስድስተኛ ርምጃ፦ ቦታን በካርታ ነጥብ መያዝ

ፖስትጂአይኤስ የተባለው የፖስትግሬስ ቅጥያ የካርታ ነጥብን እንደ አንድ ዓይነት መረጃ ይይዛል፤ «ከማራኪ ካምፓስ በ800 ሜትር ውስጥ ያሉ ቤቶች» የሚለውንም ጥያቄ በሜትር ይመልሳል። አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ነጥቡ ሲሰጥ ኬንትሮሱ ይቀድማል፣ ኬክሮሱ ይከተላል። ጎንደር በ37.46 ምሥራቅና በ12.6 ሰሜን አካባቢ ናት። ከስልክ ካርታ ላይ የተቀዳው ቁጥር ግን አብዛኛውን ጊዜ ኬክሮሱን አስቀድሞ የያዘ ስለሆነ፣ እንዳለ ከገባ ቤቱ ሲሲሊ ደሴት አጠገብ ሜዲትራኒያን ባሕር ላይ ይገኛል። ስለዚህ ነጥቡ ከጎንደርና ከአካባቢዋ ክልል ከወጣ ዳታቤዙ እንዳይቀበል ገደብ ይጣልበት።

ከተማችን ተራራማ መሆኗንም አይዘንጉ። በቀጥታ መስመር 600 ሜትር የሆነው ቦታ በመካከሉ የቀሃ ወይም የአንገረብ ወንዝ ቢኖር፣ ወይም አቀበቱ ቢበረታ፣ በእግር የሚወስደው ጊዜ ሌላ ነው። እኔ ርቀቱን ለመደርደር ብቻ እየተጠቀምሁ፣ የእግር መንገዱን ደቂቃ መዝጋቢው ራሱ ተጉዞ እንዲያስገባው አደርጋለሁ።

ሰባተኛ ርምጃ፦ ቀንን በአንድ ዓይነት አቆጣጠር ማስቀመጥ

ቀኖች ሁሉ በዳታቤዙ ውስጥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ይቀመጡ፤ ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመለሱት ለተጠቃሚው ሲታዩ ብቻ ነው። የእኛን ቀን እንዳለ ወደ ቀን ዓምድ ያስገባ ሰው ጥቅምት 30 ላይ ይቆማል፤ ዳታቤዙ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ስለሚለው 30ኛ ቀን የለውም። ጳጉሜንማ ከነጭራሹ የሚገባበት ወር የለም። ከሁሉ የሚከፋው ግን መስከረም 5 ያለ ምንም ተቃውሞ ጃንዋሪ 5 ሆኖ መግባቱ ነው፤ ስሕተቱ አይታይምና። የቀጠሮ ሰዓትም እንዲሁ ነው፤ «ጠዋት 3 ሰዓት» በዳታቤዙ 9 ሰዓት ሆኖ ከሰዓት ክልሉ (ታይም ዞን) ጋር ይቀመጣል።

ለእንግዶች በቀን የሚከራዩ ቤቶችን የሚጨምር ድረ ገጽ ከሆነ የጥምቀት ሰሞን ይፈትነዋል። በዓሉ በእኛ ሁልጊዜ ጥር 11 ሲሆን በአውሮፓውያኑ አንድ ጊዜ ጃንዋሪ 19፣ አንድ ጊዜ 20 ይውላል፤ የበዓል ዋጋ የሚጀምርበትን ቀን በእነርሱ አቆጣጠር ቆርጦ መጻፍ አይገባም። በዚያ ሰሞን ሁለት እንግዶች አንዱን ቤት በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊይዙት ይችላሉ። ፕሮግራሙ «ተይዟል ወይ?» ብሎ ጠይቆ ቀጥሎ ቢመዘግብ በጥያቄውና በምዝገባው መካከል ሌላው ይገባበታል። በፖስትግሬስ ግን የቆይታው ጊዜ ከመነሻ እስከ መድረሻ እንደ አንድ ክልል ተይዞ፣ ለአንድ ቤት ሁለት የሚደራረቡ ክልሎች እንዳይገቡ በሰንጠረዡ ላይ ገደብ ይጣላል፤ ሁለተኛው ምዝገባ በዳታቤዙ ራሱ ይመለሳል። የመውጫው ቀን ከክልሉ ውጭ ተደርጎ ስለሚቆጠር አንዱ በለቀቀበት ቀን ሌላው መግባት ይችላል። ይህን በሌሎቹ ዳታቤዞች በፕሮግራም መሥራት ቢቻልም፣ በትክክል የሠራው ሰው ብዙ አላጋጠመኝም።

ስምንተኛ ርምጃ፦ ዋጋና ኢንዴክስ

ዋጋ በአስርዮሽ ዓይነት እንጂ በተንሳፋፊ ነጥብ (ቁጥሩን አጠጋግቶ በሚይዘው ዓይነት) አይቀመጥ፤ «በድርድር» የሚለውም ለብቻው ዓምድ ይኑረው እንጂ በዋጋው ቦታ ዜሮ አይጻፍ። የዋጋ ለውጥ በታሪክ ሰንጠረዥ ይያዝ። ኢንዴክስ (ፍለጋን የሚያፋጥን ማውጫ) ሲሠሩ በእኩልነት የሚፈለጉትን፣ ማለትም ሰፈርንና የክፍል ብዛትን፣ አስቀድመው ዋጋን መጨረሻ ያድርጉት፤ ክፍት ማስታወቂያዎችን ብቻ የሚሸፍን ኢንዴክስ ደግሞ ትንሽና ፈጣን ይሆናል።

ዘጠነኛ ርምጃ፦ ማስቀመጫ ቦታ፣ ምስጢርና ባክአፕ

ሰርቨሩን የት ማስቀመጥ እንዳለብዎ ሲወስኑ ከፍጥነት ይልቅ ክፍያውን ያስቡ፤ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል አገልግሎት ክፍያው በዘገየ ቀን ይቋረጣል። በራስዎ ቢሮ የሚያስቀምጡት ከሆነ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) የግድ ነው፤ ለፍጥነት ሲባል ወደ ዲስክ የመጻፍን ማረጋገጫ የሚያጠፋ ቅንብርም አይንኩ፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ መረጃው ሊበላሽ ይችላል።

የባለቤቶች ስልክ፣ መታወቂያና የይዞታ ካርታ ኮፒ ለሕዝብ ከሚታዩት ሰንጠረዦች ተለይተው፣ ድረ ገጹ የሚገባበት የተጠቃሚ ስም ሊያነባቸው በማይችልበት ክፍል ይቀመጡ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ይህ በሕግም የሚያስጠይቅ ነው።

ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) በየሌሊቱ ይወሰድ፤ አንዱ ቅጂ ከሰርቨሩ ውጭ፣ ቢቻል ከሕንፃውም ውጭ ይቀመጥ። ድረ ገጹን ለሕዝብ ከመክፈትዎ በፊት አንድ ቅዳሜ መርጠው ባዶ ኮምፒውተር ላይ ከባክአፑ ብቻ ዳታቤዙን እንደገና ያስነሡት። ሦስት ማስታወቂያ ያለውን አንድ ቤት ይፈልጉ፤ በ«ጐንደር»ም በ«ጎንደር»ም መውጣቱን ይመልከቱ፤ «ተከራይቷል» ብለው ሲዘጉት ሦስቱም ማስታወቂያዎች አብረው መዘጋታቸውን ያረጋግጡ። ይህ ሁሉ ስንት ሰዓት እንደወሰደ ይመዝግቡና ወረቀቱን ሰርቨሩ ካለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ይለጥፉት።